ሽማግሌውን ማን ያነሳዋል?

ለቴሌቪዥን የካርቱን ኮሜዲ ከሚሠሩት አንዷ ነኝ። ሰው ሲደናቀፍ፣ በር ፊቱ ላይ ሲዘጋበት፣ ባልዲ ራሱ ላይ ሲደፋበት ስስል ነው የምውለው። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከአገር ቤት ወደዚህ የመጡትን የራሳችንን ሰዎች ካልሳልኩ ብዬ ተነሳሁ። ማን አስገደደኝ?

ቦታው ኩፓት ሆሊም፣ የዚህ አገር ክሊኒክ ነው፤ ሰው ሐኪም ዘንድ ወረፋ የሚጠብቅበት አዳራሽ። አንድ ሰው ሲገባ የተቀመጡት የኛ ሽማግሎች በሙሉ "ኖር!" ብለው ብድግ ይላሉ። እሱ "በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!" ይላል። ገና ሳይቀመጡ ሌላ ይገባል፤ እንደገና ብድግ። ነርሷ ስም ብትጠራ፣ ብትጠራ የሚሰማት የለም። በዚህ መሀል ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ልትወለውል የአንዱን ወንበር ሳብ ታደርጋለች። ሽማግሌው በክብር እቀመጣለሁ ሲል መሬት ላይ ዘጭ! ፊልሙም እዚያው ያልቃል።

የሥራ ባልደረቦቼ በሳቅ ሞቱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ሽማግሌው አባቴ ነዋ! ባርኔጣው፣ ከዘራው፣ ሊናገር ሲል የሚያስቀድማት ሳል ሳትቀር የሱ ናት። ወላጆቼ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በሺኩን ቫቲኪም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ በሩ የሚንኳኳው የሱ ነው። እሱን ዘጭ አድርጌ አገር ላስቅበት? በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ቢሆንም "አይሆንም" ካለኝ ላስቀረው ወሰንኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማዕከላዊ ጣቢያው አውቶቡስ ይዤ እነሱ ቤት ሄድኩና ኮምፒውተሬን ፊቱ ከፈትኩለት።

"አባ፣ ከከፋህ ሳትደብቅ ንገረኝ።"

የመጀመሪያው "ኖር!" ሲሰማ፣ የኔ አባት፣ ከሶፋው ላይ ሆኖ "በእግዜር!" አለ። ሽማግሌው ወደቀ፣ ፊልሙ አለቀ፣ አባቴ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ።

"አለቀ?" አለኝ።

"አለቀ።"

"ሰውየው መሬት ላይ እንዳለ?"

"አባ፣ ቀልዱ እኮ መውደቁ ነው።"

"መውደቁንስ ይውደቅ! ያ ሁሉ ሰው ለገባ ሁሉ ሲነሳ ቆይቶ ለወደቀ አይነሳም? ምን ዓይነት ሰዎች አድርገሽ ነው የሳልሽን?"

እኔ በመውደቁ ስሳቀቅ ከርሜ፣ ሳያነሱት መቅረታቸው ግን ጭራሽ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

"እና ምን ይደረግ?"

"ያንሱት እንጂ! አንዱ በክንዱ፣ አንዱ በወገቡ ይያዘው። ግን ጉልበት ከየት ይመጣል? ተያይዘው ይወድቃሉ!" ይህን ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔማ እፎይ! እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

"አልገባሽም፣ ላሳይሽ" አለና፣ ተው እያልኩት፣ ከሶፋው ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከማድቤት "እኔን! እኔን!" እያለች መጣች። ክንዱን ይዛ ልታነሳው ስትታገል ምንጣፉ ከዳትና እላዩ ላይ ተቀመጠች። ላነሳቸው ዘልዬ ተነሳሁ።

"አንቺ ተቀመጪ!" አለኝ አባቴ ከሥር ሆኖ። "እርሳስሽን አንሺና ሳዪ! ቶሎ በይ፣ እናትሽ ትከብዳለች!"