መጋረጃ የተሰፋላት ጨረቃ

ወንድሜ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ኤግሊንተን ዌስት ላይ፣ ሥዕል ፍሬም የሚያደርግ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በካርቶን የተጠቀለለ ነገር ይዞ ዌስተን ወዳለው ቤታችን መጣ። የጃፓን ሥዕል ነበረች። እንጨት ይቀርጻሉ፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ወረቀት አስተኝተው ጀርባውን ያሹታል። ለየቀለሙ ሌላ እንጨት አለ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው።

ሥዕሏ ላይ ሌሊት ነው። በረዶ ወርዷል፤ ጨረቃ ወጥታለች። ድልድይ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ብቻውን ይሄዳል።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች እናታችን።

«ባቡር አምልጦት ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።»

ሳቀች። የአበባውን ወቅትና የቅጠል መርገፊያውን ጨረቃ የሚያሳዩትን እህቶቿንም አመጣልሻለሁ አላት። አላመጣም።

የሰቀላት ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ጨለማው ጋ። «ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ ይበላዋል» አለኝ። «አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። በሽታው ጊዜ አልሰጠውም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ሥዕሏን አውርዳ ሳሎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀለቻት።

«እማ፣ ፀሐይ ያጠፋታል፤ እሱ ራሱ ነው ያለው።»

«እሱ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። እሷ እንኳ ብርሃን ታግኝ።»

መዶሻውን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩ።

በኋላ ግን አሰበችበት መሰለኝ፣ ከነጭ ሻሽዋ መጋረጃ ሰፋችላት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱሳት ሥዕላት እንደሚጋረዱት። ደስ አለኝ። ትድናለች አልኩ።

አንድ እሁድ ጎረቤታችን አሮጊት ሊያጽናኑን መጡ። መጋረጃውን ሲያዩ ተነሡ፤ አማተቡ፤ ተሳለሙት።

«እማማ፣ እሷ እኮ የጃፓን ጨረቃ ናት» አልኳቸው።

«ጨረቃን ታዲያ ማን ፈጠራት? አንተ?» አሉና ደግመው ተሳለሙ።

እናቴ ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ግን መጋረጃው አልተዘጋም። እኔ እዘጋለሁ፤ እሷ ትከፍታለች። ከሥራ ስመለስ የከሰዓቱ ፀሐይ ድልድዩ ላይ አርፎ፣ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ልትዘጋው ትነሣለች፤ ሳትዘጋው ትመለሳለች። እንዴት እንደምቆጣት አላውቅም።

በቀደም ፍሬሙን ላጸዳ ፈታሁት። ዳር ዳሩን፣ ከፍሬሙ ሥር ያለው ካርቶን የሸፈነው ጠባብ መስመር ላይ፣ ሰማዩ ወንድሜ ያኔ ያመጣው ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ገርጥቷል። ጨረቃዋን ከሰማዩ ለመለየት ዓይኔን አጠበብኩ። መልሼ ገጠምኩትና ሰቀልኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ታደርጋለች?

እሷ መጥታ መጋረጃውን ገለጠች፤ ተቀመጠች። ፀሐይ ገባ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ፤ ጥላዬ ሥዕሏ ላይ ወደቀ። ሰውየውን ሸፈንኩት፤ ጨረቃዋንም ሸፈንኳት። ሁልጊዜ እንዲህ መቆም የምችል መሰለኝ።

«ዘወር በል ልጄ» አለች። «ከለልከኝ።»

ዘወር አልኩ።