የቅናሽ ክሪክ

ባሌ «ቅናሽ! ቅናሽ!» የሚል ድምፅ ማጉያ ከሰማ እግሩ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው አጠገብ ሸራ ዘርግተው የመኪና ዕቃ መፍቻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እኔ ሽንኩርት ግዛ ብዬ እልከዋለሁ፣ እሱ ሽንኩርቱን ረስቶ መፍቻ ይዞ ይመጣል። ለሽንኩርቱ ይቅርታ ይጠይቀኛል። መፍቻውን ግን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ «እስቲ ያዥው፣ ክብደቱን እዪው» ይለኛል።

ልፈርድበትም አልችልም። በአሮጌ ትንሽ መኪና ሰው እያመላለሰ የሚያድር ሹፌር ነው፤ መኪናዋ ከቆመች የእኛም ቤት አብሮ ይቆማል። አንድ ጊዜ ጋራዥ አስገባት። «ነገ ትደርሳለች» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አመላለሱት፤ በመጨረሻ ስትወጣ የድሮው ድምፅ ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ድምፅ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ «ካበላሸኋትም እኔው ላበላሻት» ብሎ ቆረጠ። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ የተከራየነው ግቢ በዚህ ምክንያት እሁድ እሁድ ጋራዥ ሆነ።

በቅናሽ የገዛውን ሁሉ እጠላለሁ ማለት አይደለም። ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት ግሩም ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔም አስሬው ወጥ እሠራበታለሁ። የሽቦ ብሩሹም አይታማም፣ ፒንሳውም እስከ ዛሬ አለ። ካቻቪቴው ግን ጠንከር ያለ ብሎን ሲገጥመው እንደ ጧፍ ተጣመመ። ከመፍቻዎቹ አንዱ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ አፉ ተከፈተና የብሎኑን ጠርዝ ልጦ ልጦ ክብ አደረገው። ያን ብሎን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ተሳደበ፣ ውኃ ጠጣ፣ እንደገና ተሳደበ። በሳምንቱ ሌላ መፍቻ ገዝቶ መጣ።

«ለአንድ ኦሪጅናል በምከፍለው ስንቱን ገዛሁበት መሰለሽ?» ይለኛል።

በዚህ አልከራከረውም። መፍቻ ሲከዳ የሚላጠው ጣት ነው፣ ጣት ደግሞ ይድናል። እኔ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ፋሻ ከቤታችን አይጠፋም። ጣት ልጦ ብቻ የሚተወንን ዕቃ በርካሽ መግዛት አያስቆጨኝም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ደህና ያገለግላል።

መኪና የሚያነሳበት ክሪክ ግን ሌላ ነገር ነው። መኪና በሚያህል ነገርና በሰው ደረት መካከል የሚቆመው እሱ ነው።

በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ደማቅ ቀይ ቀለም የተቀባ የዘይት ክሪክ ነው። ይዞት የገባ ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ሁለት ቶን ያነሳል!» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ተጽፎበታላ!»

የተጻፈውን አየሁት። የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ አንዱ ጥግ ከወዲሁ ተነስቷል። ወረቀቱን መያዝ ያልቻለ ክሪክ መኪና እንዴት ሊይዝ ነው ብዬ ሳቅሁ። ያኔ እስቅ ነበር።

መጀመሪያ የሠራበት እሁድ መኪናዋን ከፊት አነሳትና ስልክ ተደውሎለት ወደ በሩ ሄደ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ዞር ስል ቅድም አየር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ጎማ መሬት ሊነካ ደርሷል። ማንም አልነካትም። ነፋስ እንኳ አልነበረም። ልብሱን ጥዬ ጠራሁት።

«መኪናዋ ወርዳለች።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «አይ፣ ክሪኩ ትንሽ ይተነፍሳል» አለኝ፣ ልጅ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል በሚል ዓይነት ድምፅ። እጀታውን ሁለቴ ሦስቴ ተጭኖ መልሶ ከፍ አደረጋትና ከስር ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መተንፈስ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ያልሞከርኩት የለም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሌላ መደገፊያ አድርግበት አልኩት። እሱ ዳገቱ እንዳያንሸራትታት ከጎማዎቹ ኋላ ሁለት ድንጋይ ይወትፍና «ይኸው ደገፍኳት» ይላል። «የትም ጋራዥ ብትሄጂ እንዲህ ነው የሚሠሩት» ሲለኝ፣ «ከጋራዥ የወጣች ቀን ስትረግማቸው የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ይባስ እናደዳለሁ።

እሁድ ለእኔ የዕረፍት ቀን መሆኑ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እንደበላን ካርቶኑን መሬት ላይ ዘርግቶ በጀርባው ይንሸራተታል፤ ከጉልበቱ በታች ብቻ ውጭ ይቀራል። እኔ መቀመጥ አልችልም። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። የተለቀመ ምስር እንደገና እለቅማለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ እግሩ ከተንቀሳቀሰ ተመስገን ብዬ እመለሳለሁ፣ ካልተንቀሳቀሰ ምክንያት ፈልጌ እወጣለሁ።

«ሻይ ላምጣልህ?»

«አሁን ጠጣሁ'ኮ።»

«ሬዲዮው አይረብሽህም?»

«የትኛው ሬዲዮ?»

«የለበስከው ሹራብ የታጠበው ነው ያልታጠበው?»

«አለሁ፣ አልሞትኩም!» ይለኛል ከስር ሆኖ። የሚንኳኳው ነገር ዝም ሲል ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ፣ ሲንኳኳ ደግሞ ጆሮዬን እይዛለሁ። ሥራ ቦታም አልለቀቀኝም። ክራንች የሚገዛ ሰው በመጣ ቁጥር «ምን ሆነው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከፈረስ ነው፣ ከደረጃ ነው ሲሉኝ ቀለል ይለኛል። አንዳንዶቹ ምን አገባሽ በሚል ዓይን ያዩኛል፣ እውነታቸውን ነው።

አንድ እሁድ የእጅ ፍሬኗ መያዝ ትታ ነበር። ቀጨኔ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ የእኛ ሰፈር ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። መኪናዋን ከኋላ በኩል አነሳት፣ አንዱን ጎማ ፈታ፣ ድንጋዮቹን ወተፈ፣ የፍሬኑን ገመድ ሊያጠብቅ ከስር ገባ። የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በረንዳቸው ላይ ቆመው ተመለከቱት።

«አንተ ልጅ፣ በሰንበት ብረት ታንኳኳለህ?»

«እማማ፣ ነገ ዳገቱ ላይ የእጅ ፍሬን ከሌለኝ እግዚአብሔር ፊት ካሰብኩት ቀድሜ መቅረቤ ነው።»

ሳቃቸው መጣባቸው፤ እንዳይታይባቸው ፊታቸውን አዙረው «ይቅር ይበልህ» እያሉ ገቡ። እኔ አልሳቅሁም። እጄ በሳሙና እንደራሰ በራችን ላይ ቆሜያለሁ።

አንድ ብሎን ዝጎ እምቢ አለው። ሲጎትተው መኪናዋ ተወዛወዘች። እንደገና ሲጎትተው ከፊተኛው ይልቅ ተወዛወዘች። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመድኩ። ከዚያ እግሩ ተሳበ፣ ወገቡ ወጣ፣ ዘይት የነካው ፊቱ ብቅ አለ፤ ደስ ብሎታል።

«ረዥሙን መፍቻ ላምጣላት» ብሎኝ ዕቃ ወደምናስቀምጥበት ጓዳ ሄደ።

አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ፣ ካርቶኑ ላይ ተጋደምኩ፣ እሱ በሚገባበት አገባብ በጭንቅላቴ በኩል ተንሸራትቼ ገባሁ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ቅዝቃዜው ነው። የአፈርና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አለ። የጎረቤት ዶሮ፣ የእማማ በር፣ የመንገዱ ጥሩንባ፣ ሁሉም ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ማንም ፊትህን አያይም፣ ማንም ምን ሆንክ አይልህም። እዚህ ሰው ቢደበቅ አይፈረድበትም አልኩ በልቤ፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ባሌ የሚሸሸው ከእኔ ነው። ከሻዩ፣ ከጥያቄው፣ ከመጋረጃው ኋላ ካለው ዓይኔ። ይህን ያህል ጊዜ ለሕይወቱ ስፈራ እሱ ለካ ትንሽ ዝምታ ፍለጋ ነበር እዚህ የሚገባው። በጣም ከፋኝ። ክሪኩ ትከሻዬ አጠገብ ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ብረቱ ላይ ቀጭን ዘይት እየወረደ ነው። ዘይቱን እያየሁ እንኳ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ።

ጫማው ሲመለስ አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው? ውጪ!»

«ፍታው» አልኩት።

«ምኑን?»

«እምቢ ያለህን ብሎን። እንደ ቅድሙ ጎትተው። እኔ መብራት አበራልሃለሁ።»

«ቀልድሽን ተይና ውጪ።»

«ምን አስፈራህ? ሁለት ቶን ያነሳ የለ እንዴ? ተጽፎበታል'ኮ።»

 ጉልበቱ መሬት ነካ፣ እጁም። ፊቱ ከጎን በኩል ጎንበስ ብሎ ሲመጣ ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። እኔን አልነበረም የሚያየው፤ ክሪኩን ነው።

«በማርያም ውጪ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ጮክ ቢል መኪናዋ የምትሰማው ይመስል። «እየወረደች ነው።»

«አይ፣ ክሪኩ እየተነፈሰ ነው» አልኩት።

ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ ሲይዝ ተሰማኝ። አንዴ ጎተተኝ፣ ጀርባዬ ካርቶኑን አልፎ ጠጠሩ ላይ ተፈገፈገ፣ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እማማ «ምን ሆናችሁ! ምን ሆናችሁ!» እያሉ ወጡ። ምንም አልሆንንም። መኪናዋ እዚያው ክሪኩ ላይ ነች፤ አልወደቀችም። ባሌ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ዓይኑን ከክሪኩ አላነሳም። 

ልራራለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በውስጤ የያዝኩት ገና አላለቀም።

«ከእኔ ለመሸሽ ከሆነ እዚያ የምትገባው ንገረኝ» አልኩት። «እኔ እሁድ እሁድ እህቴ ጋ እሄድልሃለሁ። ለዝምታ ብለህ አትሙትብኝ።»

ያልገባው ሰው ሆኖ አየኝ።

«ከአንቺ?» አለ። «እኔ'ኮ አንቺ ስላለሽ ነው የምገባው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ክሪኩ እንደማይረባ ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? ከገዛሁት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ግን አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ... እ... ማለቴ፣ ስትጠሪኝ፣ በዚያ ሻይሽ ስትጨቀጭቂኝ፣ ምንም የምሆን አይመስለኝም። በቃ፣ አይመስለኝም። አንቺ ቤት በሌለሽ ቀን አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።»

ልመልስለት አፌን ከፍቼ አሰብኩ። እውነቱን ነው። አልፎ አልፎ ሥራ በምገባባቸው እሁዶች መኪናዋን አጥቦ ነው የሚጠብቀኝ። አንድም ጊዜ አንስቷት አላገኘሁም።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ትከሻውን በጡጫ መታሁት። የእጄ ዘይትና አቧራ ሸሚዙ ላይ ታተመ።

«እኔ ክሪክ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ከወደቀችብህ'ኮ አልይዛትም! ቆሜ እጮሃለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ? ጩኸቴ አያነሳትም!»

  ባሌ ተነስቶ ጎማውን አመጣ፤ ከስር ሳይገባ፣ ከጎን ሆኖ፣ ክንዱን ሁሉ አርቆ ገጠመው። ብሎኖቹን አጠበቀ። ክሪኩን አላልቶ ቀስ ብሎ አወረዳት። ገመዱ እንደተፈታ ነው፣ የእጅ ፍሬኗም እንደተበላሸች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ከጎማዎቹ ጋር አጣበቀ።

«ነገ ሥራ አልወጣም» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ። ሥራ አልወጣም ሲል ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። «ታች ብረት የሚበይዱት ጋ ወርጄ ወፍራም መደገፊያ አሠራለሁ። መሐንዲስ ይምጣ መንግሥት ይምጣ፣ እሱ ሳይኖር ከስር አልገባም።»

«እኔ በሩ ላይ ብሆንም?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። 

«ብትሆኚም» አለኝ።

ይህን ለመስማት ስንት እሁድ ጠበቅሁ። ስሰማው ግን ከጥበቃ ሥራው እንደተሰናበተ ሰው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።