አባቴ የሚጠብቁት ጉድጓድ

ጎልፍን የፈጠረው ሰው ደባርቅን አላያትም። ቢያያት ኖሮ ሐሳቡን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። አገሩ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ገደል ነው፤ ደልዳላ የተገኘው ደግሞ ገብስ ተዘርቶበታል። ለእኔ የተረፈችኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የወል ሜዳ ብቻ ናት። ከብቱ የሚግጠው፣ በጉ የሚውለው፣ ገና ሲደርስ ጎረምሳው ዱላውን ይዞ የሚተራመሰው እዚያ ነው። እኔም ጎልፍ የምጫወተው እዚያው ነው፤ ጨዋታ ከተባለ።

“ጨዋታ ከተባለ” የሚሉት አባቴ ናቸው። ቤታችን ከሜዳው ዳር ስለሆነ ከእሳቸው ዓይን ማምለጥ አይቻልም። በወጣትነታቸው የገና ጨዋታ አበጋዝ ነበሩ። ከእንጨት የተጠረበችውን ጥንግ በቆልማማ ዱላ እየመቱ የማዶውን ሰፈር ሰው እስከ ወንዙ ያባርሩ እንደነበር ዛሬም የሚመሰክርላቸው ሽማግሌ አይጠፋም። ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። እኔ ሜዳው ላይ ዱላ ይዤ የወጣሁ የመጀመሪያ ዕለት አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና ተጋጣሚዬ የታለ ብለው ጠየቁኝ። ተጋጣሚ እንደሌለው፣ ሰው ከራሱ ጋር እንደሚጫወተው፣ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

“ተጋጣሚ ከሌለውማ ጨዋታ አይደለም” አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ከአባቴ አፍ “ይኸስ ጨዋታ ነው” የሚል ቃል መስማት። ልጆቼን ድሬ የጨረስኩ፣ ጠጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም።

ነገሩ የጀመረኝ አዲስ አበባ ነው። የቤት መኪና እነዳ ነበር፤ አሠሪዬ ጎልፍ የሚወድ የውጭ አገር ሰው ነበር። እሱ ሲጫወት እኔ መኪና ውስጥ ተኝቼ መጠበቅ ሲገባኝ፣ ከዱላ ተሸካሚዎቹ ጋር ቆሜ ሳይ፣ አንድ ሁለቴም እነሱ ባዋሱኝ ዱላ ስሞክር ተለከፍኩ። አሠሪዬ አገሩ ሲገባ ያረጁ ዱላዎቹንና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶልኝ ሄደ። ለዘበኛው ቴሌቪዥን ነው የሰጠው። ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

አሁን አገሬ ተመልሼ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ሊማሊሞን እየተጠማዘዝኩ ወደ ዛሪማ እወርዳለሁ፤ እየተጠማዘዝኩ እወጣለሁ። አንዱን ኩርባ ስጨርስ ሌላው ይቀበለኛል፤ ፊት ለፊቴ ደግሞ ሌላ መኪና መሐል መንገድ ይዞ ብቅ ይላል። ደባርቅ ስገባ አንገቴ ደርቆ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ማየት ያምረኛል። አንዲት ኳስ ብቻ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀጥ ብላ ብትወድቅ ምን ነበረበት? የእኔ ኳስ ግን ትነሣለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሊማሊሞን እሷ ከየት እንደተማረችው እንጃ።

አልዋሽም፣ አንዳንዴ ይቀናኛል። ዱላው ኳሷን መንካቱ ሳይታወቀኝ ከእጄ እስከ ትከሻዬ አንድ ልስላሴ ይሄዳል፤ ቀና ስል ኳሷ ከስሜን ተራሮች ጋር እኩል ሆና አያታለሁ። ያኔ ድካሙም፣ የጎማው ዋጋም፣ የባለቤቴ ቴሌቪዥንም ከሐሳቤ ይጠፋሉ። ያቺን አንዲት ምት ደግሜ አገኛለሁ ብዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ የምንከራተተው። አንድ ቀን ከዳባት ወዲያ፣ ኮሶዬ ላይ መኪና አቁሜ፣ ልቤ አላስችል ብሎኝ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንዷን ወደ ታች ለቀቅኋት። በሕይወቴ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም። ስትወድቅ ግን አላየሁም፤ እስካሁን እየወረደች ይሆናል።

ሜዳው ላይ የሚደርስብኝን ብናገር የሚያምነኝ የለም። መጀመሪያ ቁራ ነው። አናቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ የደጋ ቁራ፣ ኳሴን እንቁላል አድርጎ ይዞ ይነሣል። ቋጥኝ ላይ ወስዶ ይቀጠቅጣታል፤ አልሰበር ስትለው እኔን ያያል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከቁራው የባሰው ግን የሰው ደግነት ነው። አንገቴን ደፍቼ ሣሩን እያየሁ ስሄድ ያየኝ ሁሉ የጠፋብኝ ነገር ያለ ይመስለዋል። ምን ጠፋህ ይለኛል፤ ኳስ ስለው ከብቱን ትቶ አብሮኝ ይፈልጋል፤ ሌላ መንገደኛ ይጠራል፤ ጥቂት ቆይቶ ግማሽ ሰፈር ሜዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይርመሰመሳል። ያገኛት ሰው ኳሷን ካረፈችበት አንሥቶ፣ በነጠላው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ያመጣልኛል። ካረፈችበት መነሣት የለባትም ብዬ መጮህ ያምረኛል። ግን ሰውዬው ዳገት ወጥቶ፣ እያለከለከ፣ “እግዚአብሔር የጠፋብህን ሁሉ እንዲህ ይመልስልህ” ብሎ ሲመርቀኝ ምን እላለሁ? አሜን እላለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አባቴ አጥሩ ላይ ሆነው ይስቃሉ።

በኅዳር ነው ነገሩ የመጣው። ጉድጓዶቼ ከሩቅ አይታዩኝም ነበርና በየጉድጓዱ ችካል ተክዬ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አፈሩ እንዳይናድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቀበርኩ። ርቀቱን ለማወቅም ከችካል ወደ ችካል በእርምጃ እየለካሁ ሄድኩ። እንግዲህ ይህን ሁሉ በወል ግጦሽ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ነው ያደረግኩት። በዚህ አገር ግጦሽ ላይ ችካል የሚተክል ሰው ምን ተብሎ እንደሚታማ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ኳሴን ሳስብ ረሳሁት።

ከዛሪማ ስመለስ ችካሎቼ ተነቃቅለው ደጄ ላይ ተከምረው ጠበቁኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሜዳውን ቁልቁል ከሚያየው ጽድ ሥር እንድገኝ ሽማግሌዎቹ ልከውብኛል። ሜዳው መቼ ተከልክሎ መቼ ለከብት እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እነሱ እምቢ ካሉ ሌላ ሜዳ የለኝም፤ ጎልፌ በዚያው አከተመ ማለት ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። በድሮው ጊዜ ጥፋተኛ ያልታወቀ እንደሆነ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን የሚያወጣበት አውጫጭኝ የሚባል ሸንጎ ነበር፤ እሱን መሰለ፤ ልዩነቱ ጥፋተኛው መታወቁ ነው። አንዱ ጎረቤታችን ተነሥቶ ለባለሀብት ሜዳውን እየቀየስኩ እንደሆነ፣ ስለካ በዓይኑ እንዳየኝ፣ ቀይ ጨርቁም የድንበር ምልክት እንደሆነ ተናገረ። ሸንጎውን የሚመሩት የደብሩ አለቃ መምሬ ወደኔ ዞረው ምን እንደምል ጠየቁኝ። ጎልፍ ነው አልኩ። ጎልፍ ምን ያመርታል አለ አንዱ። ምንም አያመርትም፣ ጨዋታ ነው አልኩ። አዋቂ ሰው ብቻውን ምን ይጫወታል አለ ሌላው። ከማስረዳው ላሳያችሁ ብዬ ዱላዬን አስመጣሁና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ሜዳው ላይ ወዳለው ጉድጓዴ መታሁ።

ምን ዓይነት ምት ነበረች መሰላችሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። አልታጠፈችም፣ አላሰበችም። ከጉድጓዱ አጠገብ ዐርፋ ስትንከባለል ከላይ ሆኜ አየኋት፤ ትንሽ ብትገፋ መግባቷ ነው። በዚህ መሐል ከሜዳው ወዲያ በሬዎቹን ያሰማራ አንድ አዛውንት ኳሷን አያት። ጎንበስ አለ። አይሆንም እያልኩ እጄን አውለበለብኩ፤ እሱ ና ያልኩት መስሎት ኳሷን አንሥቶ፣ ኮቱ ላይ ጠርጎ፣ ዳገቱን ቀስ እያለ ወጣ። ሸንጎው በሙሉ ቆሞ ጠበቀው። ደርሶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

“ወድቃብህ ነው መሰል፣ ልጄ” አለኝ።

እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ዱላዬን በጉልበቴ ላይ ሰብሬ ብጥለው ደስ ባለኝ ነበር።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ አባቴ ዞሩ። ስለ ጨዋታ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ደብር እንደሌለ፣ ለልጅ ብለው እንደማይዋሹም ሁሉም እንደሚያውቅ ተናገሩ። ከዚያ “ቃልዎን ይስጡን፤ ይህ ነገር ጨዋታ ነው ወይስ ቅየሳ?” አሏቸው።

አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አየኋቸው፤ አላዩኝም።

“ቅየሳ አይደለም” አሉ። “መለካት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይስትም።”

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

“ጨዋታም አይደለም። ጨዋታ ተጋጣሚ አለው።”

ደሜ ፈላ። የገዛ አባቴ፣ በአንዲት ቃል ሊያድኑኝ ሲችሉ። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁና ሜዳው ለከብትና ለጨዋታ ብቻ የተተወ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ያልሆነ ነገር ግን ሊፈቀድ እንደማይችል መናገር ጀመሩ። አባቴ አሁንም ቆመዋል። ከዘራቸውን ከመሬት አንሥተው ቆልማማውን ጫፍ ወደ ታች አዞሩት፤ ዞር ሲል የገና ዱላ ነው።

“እንግዲያው ጨዋታ እናድርገው” አሉ። “ተጋጣሚው እኔ ነኝ።”

እንዲህ ተፈረደልኝ። ከተፈረደብኝ አይሻልም። ችካል ተከለከለ፣ ጨርቅ ተከለከለ፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ተፈቀደልኝ። ጉድጓዱ የት እንዳለ ከሩቅ እንዲታየኝ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ባንዲራዬ እሳቸው ሆኑ። ባንዲራ ብቻ ሆነው ቢቀመጡ መልካም ነበር። ኳሴ ስንት ጣጣ አልፋ፣ ቁራውንና መንገደኛውን አምልጣ፣ እየተንከባለለች ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ አባቴ ብድግ ይሉና በከዘራቸው ከሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ይመልሷታል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ አንድም ቀን አልሳቱም።

በጎልፍ ጉድጓድ አይጠበቅም ብዬ ለመንኳቸው። ታዲያ ዝም ብዬ ላስገባልህ እንዴ፣ አሉኝ። ኳሷን ከቦዩ እስካወጣ ድረስ ደግሞ እንደ ገና ተጫዋች ግጥም እየገጠሙ ይሰድቡኛል፤ መሪ አያያዜን፣ ሆዴን፣ አመታቴን። ስቆጣ መልሳቸው አንድ ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ገና እኮ አልደረሰም እላለሁ። አይሰሙኝም። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ከአጥሩ ሥር ተደርድሮ ያየናል፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ መናገር አያስፈልገኝም። ሆኖም ሁለታችንም ቀርተን አናውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ብርዱ ሲከፋ አባቴን ደረታቸውን ያዛቸውና ተኙ። ሳል ሌሊቱን አላስተኛ አላቸው፤ ከጤና ጣቢያ የመጣላቸውን መድኃኒት አልውጥም ብለው ባለቤቴን አስጨነቋት፤ ምግብም ቀነሱ፤ ዝምታ አበዙ። ዝምታቸው ከስድባቸው ይልቅ አስፈራኝ። ከዛሪማ ተመልሼ አመሻሹ ላይ ብቻዬን ወደ ሜዳው ወጣሁ። ሰው የለም፤ ቁራውም የለም። ጉድጓዱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ድንጋዩ ባዶውን ተቀምጧል። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ መታሁ። ኳሷ ደርሳ፣ ዝግ ብላ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጠብ ስትል ድምፁን ሰማሁ። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ከድንጋዩ ጋር ተያየን። ኳሷን አወጣሁና ወደ ቤት ገባሁ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። የተኙ መስሎኝ ነበር።

“ገባች?” አሉኝ።

“አልገባችም” አልኩ።

ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። “ማንም ሳይጠብቃት?”

“ማንም ሳይጠብቃት።”

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ሲተዋቸው እንደገና ሳቁ። ባለቤቴን ጠርተው መድኃኒቱን አምጪ አሏት፣ ዋጡት። ከዘራቸውን ከበሩ ኋላ አንሥቼ ከአልጋቸው አጠገብ እንዳቆምላቸው አዘዙኝ። ከዚያ ጣራውን እያዩ ጥቂት አሰቡ።

“ለካስ ከባድ ጨዋታ ነው” አሉ።

ያን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የመጣው ደግሞ ልክ ዛሬ፣ ኳሷ በገባችበት ቀን፣ አልገባችም ብዬ። እውነቱን መናገር አልችልም፣ መቆጣትም አልችልም። ኪሴ ውስጥ ኳሷን ጨብጬ እራት እስኪቀርብ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።