የዋጥኩት ንጉሥ

ሰው የሰው ገንዘብ በላ ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ ግን የዚያን ዕለት የምሬን በላሁት። በጉሮሮዬ በኩል፣ ሳላኝከው፤ ለማኘክማ ጥርሱ የት አለና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤት አለችኝ፤ ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ጴንጤ። ባሏ የግሬደር ሾፌር ነበር። በሰሜን በኩል መንገድ ሲጠርግ ከአፈሩ መሃል አንዲት ትንሽ የነሐስ ሳንቲም አግኝቶ ኪሱ ከተታት፤ ቤት አምጥቶም የልብስ ቁልፎች በሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ውስጥ ረሳት። ሊሞት ሲል ግን ከዓለም ነገር ሁሉ ሳንቲሟ ትዝ አለችው። «የመንግሥት ንብረት ናት፤ መልሺልኝ» አላት። እሷም ከማስረከቧ በፊት ምንነቷን እንድነግራት ወደ እኔ ይዛ መጣች፤ ምክንያቱም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤተ መዘክር ውስጥ የድሮ ሳንቲም ስለይና ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን ገንዘብ በእጄ ይዤ ድሃ ሆኜ መቅረቴን ሳስበው፣ ይህም አንድ ችሎታ ነው እላለሁ።

ሳንቲሟ የአክሱም ዘመን ናት። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በአንድ በኩል የንጉሥ ራስ፣ ከፊቱ የስንዴ ዛላ፤ በሌላው በኩል መስቀል። ዓይነቷን አውቀዋለሁ። እስከዛሬ ባየኋቸው ሁሉ ላይ ንጉሡ የሚያየው ወደ ቀኝ ነው። በእሷ ላይ ግን፣ ከአረንጓዴው ዝገት ሥር፣ አፍንጫው ወደ ግራ የዞረ መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ በማውቀው መዝገብ ሁሉ ያልሰፈረች ዓይነት ናት ማለት ነው። ዝገት ግን ውሸታም ነው፤ አፍንጫ በሌለበት አፍንጫ ያበቅላል።

እንዲህ ሲያጠራጥረን እኛ ሳንቲም ለዪዎች የቆየ ልማድ አለን፤ እናረጥባለን። የረጠበ ነሐስ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት የተደመሰሰው መስመር ብቅ ይላል። ደንቡ በውሃ ነው። ሰነፉ በምላሱ ያደርገዋል።

ምላሴ ላይ አስቀመጥኳት።

«ኧረ ጋሼ! የአፈር ነገር ይላሳል እንዴ?» አለች ጎረቤቴ፣ ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠች።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ መልስ አሳድሬ አላውቅም። ሳንቲሟ አፌ ውስጥ እንዳለች፣ «ንጉሥ ምን ምን እንደሚል ልቅመሰው ብዬ ነው» ልላት ጀመርኩ። ሳልጨርሰው በገዛ ቀልዴ ሳቅኩ። በሳቁ መሃል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጉሮሮዬን ቧጦ ወረደ።

«ጋሼ? የታለች?»

በጣቴ ወደ ሆዴ አመለከትኩ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። ከዚያ ሻርፗን አነሳችና «ይነሱ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የንጉሡ ጠርዝ አንጀቴን የሚቆርጥ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ፍርሃት በአንድ ሆድ ይዣለሁ። ብሞት የሟች አደራ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ብተርፍ ደግሞ የዚህችን ሴት ዓይን ማየት አለብኝ። የቱ እንደሚሻለኝ ሳሰላስል ወያላው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«አባባ፣ ዝርዝር ይኖርዎታል?»

«አለኝ ልጄ፤ አሁን ግን አላወጣውም።»

ጎረቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት። «አባቴ፣ ምንድን ነው የዋጡት?»

«ንጉሥ።»

ዶክተሯ ወደ ጎረቤቴ ዞረች። «ሳንቲም ነው» አለቻት ጎረቤቴ፤ «እሳቸው እንዲህ ናቸው።»

«የስንት ነው? ባለ አንድ ብሩ ነው?»

«ከሺህ ዓመት በላይ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ጊዜው ያለፈበት ነገር ለምን ይወስዳሉ?» ብላ ራጅ አዘዘችልኝ።

ፎቶው ላይ ሳያት ላብ አጠመቀኝ። ክብና ነጭ ሆና መሃሌ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የጎድን አጥንቶቼ እንደ ስንዴ ዛላ ከብበዋታል። ያን ሁሉ ዘመን ሳንቲም ስመዘግብ እኔ ራሴ ማስቀመጫ መሳቢያ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።

«ጨጓራ ደርሷል፤ ጉሮሮ ላይ አለመቅረቱ ጥሩ ነው» አለች ዶክተሯ። «ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል። ግን ሆድዎን ከቆረጠዎት፣ ካስመለሰዎት ወይም ደም ካዩ በፍጥነት ይምጡ። ያኔ ምናልባት ኦፕራሲዮን ነው።»

ከተናገረችው ሁሉ ይዤ ወደ ቤት የተመለስኩት «ኦፕራሲዮን» የሚለውን ብቻ ነው።

ጎረቤቴ የቡላ ገንፎ ሠርታ መጣች። «ይብሉ፣ ይገፋዋል።» ማንኪያውን መልሼ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኩ። አየችና ሳትጠይቀኝ መዳፏን ሆዴ ላይ አድርጋ መጸለይ ጀመረች። በዚህ ጸሎቷ በግድግዳው በኩል ለዓመታት ሳበሽቃት ኖሬያለሁ። «እቴ፣ እግዜር ቀስ ብትዪም ይሰማል እኮ» ስላት፣ «እሱማ ይሰማል፤ የምጮኸው እርስዎ እንዲነቁ ነው» ትለኝ ነበር።

አሁን ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሳንቲሟን እስክትጠራ ጠበቅኩ፤ የባሏን አደራ እንዲመልስላት እስክትለምን። አልጠራቻትም። «ጌታ ሆይ፣ እኚህን ሽማግሌ ተውልኝ» አለች። «ማታ ማታ ሳላቸውን ካልሰማሁ ቤቱ ባዶ ይመስለኛል።»

ጸሎቷን ጨረሰች። አሜን እንድል እየጠበቀች ነው። በሃይማኖታችን ስለማንገናኝ እንዳይመስላችሁ፤ አፌን ብከፍት ሆዴ ይባባና እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ጉሮሮዬ ለንጉሥ ሲከፈት ለአሜን ተዘጋ። በስተመጨረሻ የወጣኝ፣ «ገንፎው ጨው አንሶታል» የሚል ነው።

«ይጨመርልዎታል» ብላ ሰሃኑን አነሳች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጥበቃ ልዝለልላችሁ። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ኑዛዜዬን ጀምሬ እተው ነበር። የሻይ ማጥለያዬን ለሌላ ሥራ መመደቤን ብቻ ልንገራችሁ፤ ወሬው ከተሰማ ወዲህ እኔ ቤት ሻይ የሚጠጣ ጠፍቷል። አንድ ቀን ጠዋት ማጥለያው ቅጭል አለ።

ደጋግሜ በሳሙና አጥቤ መስኮቱ ጋ ወሰድኳት። ሳንቲሙን በሎሚ ያጠበውን ሰው ሁሉ ቅርስ አጥፊ እያልኩ ስሰድብ ኖሬያለሁ፤ ከሎሚ የባሰው ለካ የኔው ጨጓራ ነው። አረንጓዴውን ዝገት በልቶታል። ምስሉንም በልቶት ከሆነ የጎረቤቴ አደራ አበቃ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ስገልጠው ንጉሡ አለ። አፍንጫው ቁልጭ ብሎ ወደ ግራ ዞሯል። መስቀሉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች የወርቅ ቅብ ታበራለች።

አብረን ቤተ መዘክር ሄደን አስረከብናት። መዝጋቢው ልጅ አገላብጦ አየና፣ «ይህን ዓይነት አይቼ አላውቅም። በምንድን ነው የጸዳው?» አለ።

«በአሲድ» አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

«ማን ነው ያጸዳው?»

«ልምድ ያለው ሽማግሌ ነው» አለች ጎረቤቴ፣ ኮስተር ብላ። ከዚያ ያስረካቢ ስም ሲጠየቅ የባሏን ስም እስከነአያቱ አስጻፈች፤ እዚያ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

ጸሎቷ አሁንም ማለዳ ማለዳ በግድግዳው በኩል ይመጣል። በቀደም ማለቂያው ላይ አፌን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አሜን ልል ስል ሳል ቀደመኝ።

«አለሁ ማለትዎ ነው ጋሼ?» አለች ከወዲያ።

«አለሁ» አልኩ። አሜኗ ግን እስካሁን አለብኝ።