ማናሴ በእግሩ የሄደበት ሰንበት

ስለ ባሌ ስለ ማናሴ የማወራው እሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ካወራሽ አይቀር ሳታሳምሪ አውሪው» አለኝ። እኔ ደግሞ ማሳመር አልችልበትም። የሚያውቁኝ ሁሉ አለምወርቅ ምላሷ አያርፍም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ማናሴ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ቤተ እስራኤል ነው፤ እኔም እንደዚያው። ዘመዶቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእሱና የእናቱ ስም ሳይጠራ ቀረ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ፣ እናቱም ተራቸውን እየጠበቁ አረፉ። ከዚያ በኋላ ማናሴ መጠበቅ ሰለቸው። ተጋብተን አንድ ክረምት እንኳ አብረን ሳንከርም፣ ብዙ ሰው በሚሄድበት መንገድ በኬንያና በሞዛምቢክ አድርጎ ጆሃንስበርግ ገባ። አሁን ጄፒ ስትሪት፣ የእኛ ሰው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በሞላበት ፎቅ ውስጥ፣ ከሆሳዕናው ዱካሞ ጋር ብርድ ልብስና አንሶላ ይሸጣል። ዱካሞ ፕሮቴስታንት ነው። ቅዳሜ ማናሴ የለም፣ እሁድ ዱካሞ የለም፣ ሱቁ ግን ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው። ደንበኞቻቸው ማናሴን «ቅዳሜ የሚጠፋው» ነው የሚሉት።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ከከተማው ወጣ ባለው ኦሬንጅ ፋርም፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ ተቀጥሮ ነው። ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ዳቦና ወተት ይሸጣል፣ እዚያው ዘይትና ዱቄት መሃል ይተኛል። ዝርፊያ ስለሚፈራ ከመሸ ደጅ አይወጣም። ማናሴ እኔን ናፈቀ፣ ወሬ ናፈቀ፣ አብሮት ያለው የኪሱ ስልክ ብቻ ሆነ። የወሲብ ፊልም ማየት የጀመረው እዚያ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ እስኪመጣ ነበር አለኝ፤ ኋላ ግን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ራሱ ሆነ።

ሚስቴ ስትመጣ ይተወኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ መጣሁ፤ ኦሬንጅ ግሮቭ በሚባል የከተማው ሰፈር ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ ነገሩ ግን አልተወውም። አንድ ቀን ደረስኩበት። እንዴት እንደደረስኩበት አልናገርም፤ ደስ አይልም። የተሰማኝን ግን እናገራለሁ። ተናደድኩ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ምን ጎደለኝ እያልኩ ራሴን መረመርኩ። ሌላው ሁሉ ወጥቶልኛል፣ ያቺ መስታወት ፊት የቆምኩባት ቀን ግን እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

ማለ፤ እንደገና ደረስኩበት። እንደገና ማለ። ከፊልሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ውሸቱ ነበር፤ ዓይኔን እያየ «ዱካሞ ጋ አምሽቼ ነው» ሲለኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«መውደቅህን አልቆጥርም። ግን እኔ ሳልደርስበት አንተ ቀድመህ ንገረኝ። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ደብቀኸኝ ከያዝኩህ ዳቬይተን ነኝ፤ አልመለስም።»

ዳቬይተን እህቴ መሰረት ሱቅ አላት። ቀልድ እንዳይመስለው ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ ከበሩ ጀርባ አቆምኩት።

ማናሴ ሰነፍ ሰው አይደለም፤ ታገለ። ጾመ። ስማርት ስልኩን ሸጦ ባለ ቁልፉን ገዛ። ለብቻው ሲታገል ግን ለብቻው ይሸነፋል። አማራጭ ሲያጣ፣ በእግራችን ለምንሄድበት ምኩራብ ራቢ ነገራቸው፤ እሳቸውም የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ሰጡት። ሰውየው ሴልዊን ይባላል። እዚሁ የተወለደ ነጭ አይሁዳዊ፣ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሺያን፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው። በዚሁ ነገር ምክንያት ሚስቱ ጥላው እንደሄደች ለማንም አይደብቅም። ማናሴ ገና ሲገናኙ፣ ነገሩ በእሱና በእግዚአብሔር መካከል መሆኑን፣ ሰው ፊት ማውራት እንደማይፈልግ አስረዳው። ሴልዊን ሰማውና «ጸሎታችን እንኳ አስር ሰው ካልሞላ አይሟላም፤ አንተ ይህን ለብቻህ ልትወጣው ነው?» አለው።

እንዲህ ሆኖ በዚሁ ነገር ተይዘው ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ከሚሰበሰቡ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። የሌሎቹን ስም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከመውደቅህ በፊት ደውል። ከወደቁ በኋላ ደውሎ ማልቀስ ለማንም አይከብድም ይላል ሴልዊን። ማናሴ ነገሩ ሲመጣበት ከሱቁ ወጥቶ የፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ይደውላል፤ ዱካሞም ምንም ሳይጠይቅ ደንበኞቹን ይይዝለታል። እኔ መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ለኔ ያልነገረኝን ለነጭ ሽማግሌ መንገሩ ምን ማለት ነው ብዬ አኮረፍኩ። ግን ፊቱ እየተመለሰ መጣ፤ ማታ ማታ ወሬ ጀመረ፤ እኔም ኩርፊያዬን ተውኩት።

ሰንበት ለእሱ የዕረፍት ቀን ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኩ ይጠፋል፣ ቅዳሜ ኮከብ እስኪወጣ አይከፈትም፤ መብራትም አናበራም አናጠፋም። በእናቱ ቤት እሳቱ ዓርብ ይጠፋና በጨለማ ነበር የሚቀመጡት። እዚህ ግን የጎረቤቶቻችን መብራት በሰንበት በራሱ ሲበራና ሲጠፋ አይቶ ተደነቀ። ሴልዊን ሳቀበትና ሶኬት ላይ የምትሰካ ታይመር ሰጠው። የፈለጉትን ሰዓት ዓርብ ይሞሏታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱን ራሷ ታበራለች፣ ራሷ ታጠፋለች። የራስጌ መብራታችን ላይ ሰካናት፤ ማናሴም እንደ ሕፃን ተደሰተባት።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልምጣ። ሰኔ ነበር፤ እዚህ ሰኔ ብርድ ነው። ማናሴ የመኖሪያ ወረቀቱን ለማሳደስ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ሳይደርሰው ይመለሳል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ፊቱ ጠቆረ። ሴልዊን ጋ መደወሉንም ተወ። ሱቅ ውስጥ ከፍላሽ ዘፈን የሚያጫውቱባት ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ ሎድ ሼዲንግ በሚሉት ፈረቃ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካት ካቆመችበት ትቀጥላለች። ዓርብ ቀን ይህችን ቴሌቪዥን ላሠራት ነው ብሎ ይዟት መጣና ብርድ ልብስ የምናከማችበት ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። ከመንገድ ላይ የገዛውን ፍላሽ ሰካባት። ታይመሯን ከራስጌ መብራቱ ነቅሎ ለቴሌቪዥኗ አደረጋት፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እንድታበራ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ እንድታጠፋ። ሰንበት ከሰዓት ሁልጊዜ ሰባት ተኩል ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ጋ ሄጄ አስር ሰዓት ላይ ነው የምመለሰው። ይህን አስልቷል።

ሰንበትንም አልሻርኩም ብሎ አስቧል። እሳቱን አልነካም፣ በራሱ ይበራል። የሰው ልጅ ጥፋት ለመሥራት ሲሆን እንዴት ሊቅ ይሆናል!

ማታ ምኩራብ ሄደ። ሰንበትን ሲቀበሉ ጉባኤው በሙሉ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፤ ሙሽራ እንደምትገባ ሁሉ ይቀበሏታል። ማናሴም ከሰው ጋር ዞረ። ያኔ እናቱ ትዝ አሉት፤ ሰንበትን እንደ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ቤቱን ጠርገው፣ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው። እሱ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ምን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቃት ሲያስብ ላብ አጠመቀው። እቤት መጥቶ ግን አልነገረኝም። ስለ ራስጌ መብራቱ ስጠይቀው ታይመሯ ተበላሽታለች አለኝ። ይኸው ውሸቱ ጀመረው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ጠዋት ጸሎት ሄዶ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ መመለስ ነበረበት። ምኩራቡ ካለበት መንገድ ጥግ ላይ ቆመ። በስተቀኝ ወደ ቤት ነው። ቤት ቢገባ እኔ እወጣለሁ፣ ስምንት ሰዓትም ይደርሳል። ስልክ ደግሞ የለም፣ ሰንበት ነው። ሴልዊን የሚኖረው ግሌንሄዝል ነው፤ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ማናሴ ወደ ግራ ታጥፎ ሉዊስ ቦታ የሚባለውን ጎዳና ይዞ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ሱፍ ለብሶ በጥድፊያ ሲሄድ ያዩት ታክሲዎች በሙሉ ጥሩምባ እየነፉ ይቆሙለታል፤ እሱ በእጁ ምልክት ይሰጣቸውና ያልፋል። ኪሱ ውስጥ ሳንቲም አልነበረም፤ ቢኖርም አይሳፈርም ነበር። ለምን ያን ያህል ትሮጥ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ ቀስ ካልኩ እግሬ ይመልሰኛል ብዬ ፈርቼ ነው አለኝ።

ሴልዊን ምሳ ላይ ነበር። በሩን ከፍቶ አየው፤ ግባም አላለው፣ ምን ሆንክም አላለው።

«በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለው።

«በፊት።»

«ጫማዬን ላድርግ።»

ያ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ምሳውን ትቶ አብሮት ወጣ። መንገድ ላይ ማናሴ ሁሉንም ነገረው። ሴልዊን የታይመሯን ነገር ሲሰማ ቆሞ ሳቀ፤ ዕድሜ ልኩን ታይመር ሲገጥም ለእንዲህ ያለ ሥራ ያዋላት ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ ሳቁን አቆመና ቴሌቪዥኗን ማንም እንደማይነካት፣ ማናሴ ግን ሚስቱ ከቤት ሳትወጣ መድረስ እንዳለበት ነገረው። የሚከብደው እሱ ነው፣ ሌላው ቀላል ነው አለው።

እኔ እቤት የቀዘቀዘ ምሳ ፊት ተቀምጬ ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ። ማናሴ በሰንበት ምሳ ቀርቶ አያውቅም። የት ሄዶ ምን እያየ እንደሆነ በዓይነ ልቦናዬ ታየኝ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ሻንጣ አየሁት። ሰንበት ስለሆነ ይዤው አልወጣም፤ ኮከብ ሲወጣ ግን መሰረት ጋ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። አላለቀስኩም። አሮጊቷ ጋ ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ፣ ማናሴ በዚያ ብርድ በላብ ተነክሮ የግቢውን በር ከፍቶ ገባ። ከኋላው አንድ ነጭ ሽማግሌ ግንቡን ተደግፎ ያለከልካል።

የምሰድበውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«አለሜ፣ ሳትደርሺበት ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም ተናገረ። ፍላሹን፣ ቴሌቪዥኗን፣ ተበላሽታለች ያላትን ታይመር፣ ስምንት ሰዓትን። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ቀድሞ ለምን ገብተህ አትነቅለውም ነበር ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«ልነቅለው ብገባ ነቅዬ አልወጣም።»

በዚያች ደቂቃ በጥፊ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ላቅፈውም ፈልጌ ነበር። በቤቴ፣ የራሴ ብርድ ልብሶች መሃል እንዲህ ማድረጉ አቃጠለኝ። ነገር ግን ከተጋባን ጀምሮ ቀድሞ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነበር። ገብቼ ሦስት ወንበር አወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ስምንት ሰዓት ሲሆን የዚያች ክፍል መጋረጃ ሰማያዊ ብርሃን ለበሰ፣ መብለጭለጭ ጀመረ። ሴልዊን ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ፤ ማናሴም አዞረ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳላውቀው ሲጣላኝ የኖረውን ነገር ፊት ለፊት ልየው ብዬ ነው። ማናሴ በግዕዝ መዝሙር ይደግም ጀመር፣ እናቱ ሲደግሙ የሰማውን፤ ሴልዊንም ከጎኑ በዕብራይስጥ የራሱን ያነበንብ ነበር። አንዱ የአንዱን አይሰማም፤ ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን መጋረጃው ጨለመ። ማንም ሳያየው በርቶ ማንም ሳይነካው ጠፋ።

ኮከብ ሲወጣ ማናሴ ገብቶ ፍላሹን አምጥቶ ሰጠኝ፤ እኔም በሙቀጫ ወቀጥኩት። ታይመሯ ወደ ራስጌ መብራቱ ተመለሰች። ሻንጣው ግን ከበሩ ጀርባ ወራት ቆየ፤ እኔ ቶሎ የሚበርድልኝ ሰው አይደለሁም። ኋላ ለፋሲካ ብቻ የምንበላባቸውን ሳህኖች ማስቀመጫ ሳጣ አነሳሁት፤ አሁን ሳህኖቹን ይዞ አልጋ ሥር ነው።

ዳነ ወይ ብትሉኝ፣ ዛሬም ይደውላል። ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄዳል።

በቀደም ሰንበት ምሳ ጨርሰን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሰው ቆሟል። አውቀዋለሁ፤ ምኩራብ ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ከማናሴ ጋር ከአንገት ሰላምታ በቀር የላቸውም። ክራቫቱ ላልቷል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ከሩቅ በእግሩ እንደመጣ ያስታውቃል። ማናሴ አለ ወይ አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ማናሴን ጠራሁት።

ማናሴ በነጠላ ጫማ ወጣና አየው።

«በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለው።

ሰውየው ግንቡን ተደገፈ።

«በፊት» አለ።

ማናሴ ጫማውን ሊያደርግ ገባ።