ጓሮ የሚመረተው ቻርጀር

ጋሼ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሾፌሮች ናቸው፤ የእሳቸው ኪስ ከቁራጭ ሽቦ ተለይቶ አያውቅም። የኤሌክትሪክ መኪና በፍጥነት ቻርጅ በሚደረግበት ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ቴክኒሻን ሆነው ሲሠሩ፣ ስድስቱን አሮጌ ማሽኖች እንደ ልጆቻቸው በየአመላቸው ለምደዋቸዋል። አንዱ ሲሞቅ ያስላል፤ አንዱ ካልመቱት አይነቃም።

አንድ ቀን ከበላይ ቢሮ ደብዳቤ መጣ፦ ምርቱ የተቋረጠ ማሽን የያዘ ጣቢያ ይዘጋል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ለቀራቸው ለጋሼ ሽቦ፣ ይህ ባዶ እጅን ይዞ ቤት መግባት ነው። ሥራ አስኪያጇ ለፋብሪካው ሦስት ጊዜ ጻፈች። ፋብሪካው ሦስት ጊዜ አመስግኖ የአዲሱን ማሽን ፎቶ ላከላት። የድሮው ይመረታል አላለ፣ አይመረትም አላለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ተቆጣጣሪው ደረሰ፤ ጫማው እንዳይቆሽሽ እየመረጠ የሚረግጥ ወጣት ነው።

«ይሄ ማሽን አሁንም ይመረታል?»

ሥራ አስኪያጇ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ይመረታል» አሉ ጋሼ ሽቦ።

«የት?»

«እዚያ ጓሮ።» የሞቱ ማሽኖች የተከመሩበትን የቆርቆሮ ክፍል በካቻቪቴ አመለከቱት። «ከሦስት ሬሳ አንድ ሕያው አወጣለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ወጥቶልኛል።»

«ጋሼ፣ እየቀለዱ ነው?»

«ቀልዱንማ ለናንተ ቢሮ ትቻለሁ፣ ልጄ።»

ተቆጣጣሪው ቅጹን አገላበጠ። ያሉት ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ «ይመረታል» እና «አይመረትም»። ስለ ጓሮ የሚጠይቅ ሣጥን የለም። «ይመረታል» ላይ ምልክት አደረገና፣ «አምራች» በሚለው መስመር የጋሼ ሽቦን ሙሉ ስም ጻፈ። ጣቢያው ዳነ።

ደስታው ግን ሳምንት አልሞላም። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ይኼኛው ለራሳቸው ነው፣ «ለተከበሩ አምራች» ይላል። ለእያንዳንዱ ማሽን የአሥራ አምስት ዓመት ዋስትና እንዲፈርሙና ማህተም እንዲያሳርፉ ያዝዛል። በምሳ ሰዓት ቤት ወስደው ለሚስታቸው አነበቡላት።

«አሥራ አምስት ዓመት? አንተ እኮ አራት ደረጃ ወጥተህ የምታርፍ ሰው ነህ!»

«ካልፈረምኩ ይዘጉታል።»

«ፈርም እንግዲህ። መሞት ተከልክለሃል ማለት ነው» ብላ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

ፈረሙ። ማህተም ስለሌላቸው፣ ሳሙና የማያስለቅቀው የማሽን ቅባት ያጠቆረውን አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት።