አንድ ዓይን የቀራት ወፍ

ሰፈሩ ሁሉ "ወፊት" ይላታል። ስሟን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ካልተቆጣ አይጠራትም። በዓል በመጣ ቁጥር ከጨርቅ የሰፋቻቸውን ወፎች መስኮቱ ላይ ትደረድራለች። ወፍ ብቻ መሰሏችሁ? ዘመድ አዝማዱ እንዳለ እዚያ ነው! ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ወፍ፣ ከገዛ ልብሱ ቁራጭ።

ነገሩ የቅድመ አያቷ ተረት ነው። አንዲት ወፍ በዓመት አንዴ በየመስኮቱ እየዞረች ሰው ትቆጥራለች አሉ። ዓይኑ የተገለጠውን "አለ" ትላለች፤ ዓይኑ የተሰፋውን "ተኝቷል" ብላ ታልፈዋለች። ስለዚህ በሕይወት ላለ ሰው ወፉ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ዶቃ ይተከላል። ሰውየው ሲሞት ዶቃዎቹ ይወልቁና ዓይኖቹ በክር ይዘጋሉ። ወፊት የእናቷንም፣ የአባቷንም፣ የእህቷንም በእጇ ዘግታለች።

የአንድያ ልጇ ወፍ ግን መከራዋን አየች። ልጁ ማዕድን ሊቆፍር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። አባትየው ገና በመጀመሪያው ዓመት "አልቋል፣ ዝጊው" አላት። አይ ወፊት! አንዱን ዶቃ ነቀለችና ቦታውን ሳትሰፋ ባዶውን ተወችው። "ይኸው ተካፈልን፤ ባዶው ጎን ያንተ፣ ዶቃዋ የኔ" አለችው። ከዚያ ወዲያ ይህን ወሬ ያነሳባት ሰው ሁሉ ምላሷን ቀምሷል።

ዘንድሮ ያነሳችው ምራቷ ናት። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ላግባሽ የሚለኝ ሰው አለ። እርስዎ የባሌን ወፍ ዓይን ሳይዘጉ እሺ አልለውም። ቁርጡን ይንገሩኝ።"

ወፊት አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ አወረደችባት። ልጅቱ መሬት መሬቱን እያየች ታለቅሳለች። አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ስትቀዳላት፣ ወገቧን ስታሽላት የኖረች ልጅ እኮ ናት! ወፊት "ግቢ እንግዲህ፣ በር ላይ አትገተሪብኝ" አለችና የወፎቹን ካርቶን ከአልጋው ሥር ጎተተች።

አምና ወፎቹን አውርዶ ካርቶን ውስጥ የከተታቸው ባሏ ነበር፤ እሷ እጇ አብጦ ነበርና። ባልየው ጫማ ሰፊ ነው። አሁንም የቤቱ ጥግ ተቀምጦ ሶል ይመታል። የወፊት ዓይን ስለደከመ የምታየው በጣቷ ነው። የልጇን ወፍ በሸሚዙ ሸካራ ጨርቅ ለየቻት። ዶቃዋ አለች። ወደ ባዶው ጎን ስታዞራት ጣቷ ክር ነካ።

ተሰፍቷል። ወፍራም፣ ሰም የተቀባ ክር፤ በአንዱ ቀዳዳ ከወዲህም ከወዲያም ተላልፎ የጠበቀ። እንዲህ አድርጎ ጨርቅ የሚሰፋ የለም። እንዲህ የሚሰፋው ጫማ ነው።

ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። ጥግ ላይ ያለው መዶሻም ዝም ብሏል።

"መቼ ነው?"

ባልየው ቀና አላለም። "አምና፣ ወፎቹን ያወረድኩ ለት። አብሮት የሚቆፍር ሰው መጣ። ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው አለኝ። በዓይኑ አይቷል።"

"እና ዓመት ሙሉ ዝም?" ጮኸች። "ካልሲ ስሠራለት እያየህ! የእግሩ ቁጥር ስንት ነበር ስልህ፣ አርባ ሁለት ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም?"

"አፌ እምቢ አለኝ። ስንቴ ጀምሬ ዋጥኩት መሰለሽ።" መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "የኔን ጎን ዘጋሁ። ያንቺን አልነካሁም።"

ምራቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ወፊት ወፏን ጭኗ ላይ አጋደመች። ባሏን ብታንቀው ደስ ይላት ነበር፤ አቅፋውም ብታለቅስ ደስ ይላት ነበር፤ ሁለቱንም አልቻለችም። በመጨረሻ የዶቃዋን ክር በጥርሷ በጠሰችና ዶቃዋን ምራቷ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

"ሂጂ፣ እሺ በዪው።"

መርፌዋን አነሳች። ሌላውን እጇን ወደ ጥጉ ዘረጋች።

"ካንተ ክር ቁረጥልኝ። የኔው ቀጭን ነው፣ ይበጠሳል።"